እንቅልፍ ማጣት በወለጋ ከተሞች፦ ከመቁጠር ወደ ማከም

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢዶሎ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ችግሩን የሚናገርበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ደግሞ «ሂሪብኒ ና ዲዴ» ይላል። በሁለቱም ቋንቋዎች እምቢ ባዩ እንቅልፉ ነው፤ ሰውየው ለምኖ የተነፈገ ነው። አነጋገሩ ሳይታሰብበት የሕክምናውን ትርጓሜ ዋና ነጥብ ይዟል። በሕክምናው ዓለም ኢንሶምኒያ የሚባለው ሕመም የእንቅልፍ ማነስ ብቻ አይደለምና። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሰውየው ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ሁኔታ እያለው፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ እንቅልፍ ለመጀመር ወይም ሳይቋረጥ ለመተኛት ሲቸገር፣ አለዚያም ያለጊዜው ነቅቶ መልሶ መተኛት ሲሳነውና ይህም የቀን ኑሮውን ሲያውክበት ነው ሕመም የሚባለው።

«በቂ ጊዜና ምቹ ሁኔታ እያለው» የምትለው ሐረግ ቀላል ትመስላለች፤ በወለጋ ግን የጥናቱም የሕክምናውም ዕጣ የሚወሰነው በእርሷ ነው። ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ዘበኛ፣ ሕፃን የምታጠባ እናት፣ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ እንቅልፍ ጎድሏቸዋል እንጂ እንቅልፍ እምቢ አላላቸውም፤ ጊዜ ቢያገኙ ይተኛሉ። ከእነዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በ2018 መገባደጃ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን በግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ገብተዋል፤ ነቀምቴም ከተቀበሏቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ የዘመድ ደኅንነት ሳይታወቅ የሚነጋባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በሮች በጊዜ በሚዘጉበት ሰፈር ጆሮውን አቁሞ የሚያድር ሰው ታሟል ማለት ይቻላልን? ምናልባት ንቃቱ ነው የሚጠብቀው። የዚህን ሰው ንቃት ሕመም ብሎ መዝግቦ ክኒን መስጠት የማስተዋል ጉድለት ነው። ነገር ግን ሰፈሩ ጸጥ ካለ ከአንድ ዓመት በኋላም ያው ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኑን ገልጦ ጣራ የሚቆጥር ከሆነ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ሆኗል፤ ያኔም መርጃ አለው።

እዚህ የሚቀርበው ክርክር አጭር ነው። የእነዚህ ከተሞች ዋና ጉድለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ቁጥር አለመታወቁ ሳይሆን፣ እንቅልፍ ያጣውን ሰው የሚረዳ አለመኖሩ ነው። መርጃው የታወቀ ነው፤ ላቦራቶሪ አይሻም፤ ነርስ ሊማረው ይችላል። የድኅረ ምረቃ ጥናት ትኩረቱን ወደዚያ ሊያዞር ይገባዋል።

የተቆጠረው ምንድን ነው?

በአገሪቱ የጤና ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ጥናት የሚመረጠው ርእስ የታወቀ ቅርጽ አለው፦ «የዚህ ችግር ስርጭትና ተዛማጅ ምክንያቶች በዚህ ከተማ»። የከተማው ስም ይቀየራል፤ ቅርጹ አይቀየርም። እንቅልፍም ከዚህ አላመለጠም። ተማሪዎች፣ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች፣ ነርሶች በየተራ ተጠይቀዋል። በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ በ1989 የታተመው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው፤ ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 21 ነጥብ ይሰጣል፣ ከ5 በላይ ያገኘውን «ደካማ እንቅልፍ ያለው» ብሎ ይመድባል። በኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ላይ የተደረገ የማረጋገጫ ጥናትም በ2017 ታትሟል። መሣሪያው ለተሠራለት ዓላማ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ኢንሶምኒያን ለመለየት አልተሠራም። ዘበኛውንም፣ የምታጠባዋንም እናት፣ በሕመም የሚያቃስተውንም፣ እንቅልፍ እምቢ ያለውንም በአንድ ከረጢት ይጨምራቸዋል። ከዚያ የወጣው መቶኛ በሚቀጥለው ጥናት መግቢያ ላይ «የእንቅልፍ ማጣት ሕመም ስርጭት» ተብሎ ሲጠቀስ ስሕተቱ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው። መለኪያው ስንት ሰዓት ተኝተው ስንት ሰዓት እንደሚነሡ ይጠይቃል። በአገሬው አቆጣጠር ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 12 ሰዓት ስለሚዘልቅ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የተኛ ሰው 8 ሰዓት መተኛቱን በቀላል ቅንስናሽ ማወቅ ይቻላል፤ በዚህ ረገድ የአገሬው ሰዓት ለእንቅልፍ ተመራማሪ ከፈረንጁ ይልቅ ይመቻል። አደጋው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ስልኩን አይቶ «በ10 ሰዓት እተኛለሁ» ያለ የከተማ ወጣት፣ መነሻውን ሲጠየቅ በልማድ «በ12» ሊል ይችላል። መዝጋቢው ሳያጣራ ከጻፈው የ8 ሰዓት እንቅልፍ 2 ሰዓት ሆኖ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ከዚህ የከፋም አለ። «9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ» ያለች እናት ጎህ ሳይቀድ መንቃቷን መናገሯ ነው፤ ይህም የድባቴ ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ቅጹን በፈረንጅ ሰዓት ያነበበ ግን ረፋድ ድረስ የምትተኛ አድርጎ ይመዘግባታል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከሌሊቱ ወይስ ከጠዋቱ?» በመጠይቁ አባሪ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌለ አማካሪው መምህር ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉድለት ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። መለኪያው እንቅልፍ የሚያቋርጡ ምክንያቶችን ይዘረዝራል፦ ሽንት ቤት መሄድ፣ ሳል፣ ብርድ፣ ሙቀት፣ ክፉ ሕልም፣ ሕመም። ፍርሃት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በር ይንኳኳ ይሆናል ብሎ መንቃት፣ የተኩስ ድምፅ መስማት፣ የሄደ ልጅ መጠበቅ፣ ሁሉም «ሌላ ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ይወድቃሉ፤ ያ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚመጣ የእንቅልፍ መታወክ በ2005 የተዘጋጀ ተጨማሪ ቅጽ አለ፤ ከተፈናቃዮች ጋር የሚሠራ ተማሪ ቢያንስ ሊያየው ይገባል።

የትርጉም ነገር ከተነሣ፣ ነቀምቴ በዚህ ረገድ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከ1904 ጀምሮ የኖረውና በ1931 ያረፈው በዚህችው ከተማ ነው። ለዚያ ሥራ አስቴር ጋኖ የሰበሰበቻቸው ቃላትና የቃል ትውፊቶች እንደ መሠረት አገልግለዋል፤ ቃሉ ከመተርጎሙ በፊት ከሰው አፍ ተሰብስቧል ማለት ነው። ዛሬ በአንድ ቀን ወደ አፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በማግስቱ የሚታደል መጠይቅ ከዚያ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። የድባቴ መለኪያ የሆነው ባለ 9 ጥያቄው ቅጽ በጅማ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ ተፈትሾ በ2018 ታትሟል፤ ስለዚህ ሥራው የሚቻል መሆኑ ታይቷል። ከ0 እስከ 28 ነጥብ ያለው ባለ 7 ጥያቄው የእንቅልፍ ማጣት ክብደት መለኪያ ለወለጋ አፋን ኦሮሞ ተመሳሳይ ትጋት ቢደረግለት አንድ ሙሉ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል፤ ለሚቀጥሉት ተማሪዎችም ያገለግላል።

ምክንያቱ ካለፈ በኋላ

አርተር ስፒልማን በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ አካባቢ የተጻፈ ይመስላል። እንቅልፍ ማጣትን የሚያዘጋጅ፣ የሚቀሰቅስና የሚያቆይ ምክንያት የተለያዩ ናቸው ይላል። አዘጋጁ የሰውየው ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በጥቂቱ የሚደነግጥ፣ ሐሳብ የሚያበዛ ሰው። ቀስቃሹ ሐዘን፣ መፈናቀል፣ የንግድ ኪሳራ ወይም የወሊድ ወቅት ነው። አቆዪው ግን ሰውየው እንቅልፉን ለመመለስ ሲል ራሱ የጀመረው ልማድ ነው። ሌሊት ስላልተኛ በጊዜ ይጋደማል፤ ጠዋት ቆይቶ ይነሣል፤ ቀን አልጋ ላይ ያርፋል፤ ድካሙን በቡና ይገፋል፤ ማታ በአረቄ ራሱን ያስተኛል። አልጋው ቀስ በቀስ የእንቅልፍ ሳይሆን የትግል ቦታ ይሆናል። ቀስቃሹ ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ማጣቱ በእነዚህ ልማዶች ላይ ቆሞ ይቀጥላል።

የዚህ ሐሳብ ጥቅም ሐዘንተኛውን «ሐዘንህን እርሳ» ሳይሉ እንቅልፉን መርዳት እንደሚቻል ማሳየቱ ነው። ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው እስኪመለስ፣ ነጋዴው ዕዳውን እስኪከፍል መጠበቅ አያስፈልግም። «መጀመሪያ ዋናው ችግር ይፈታ፣ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል» የሚለው አስተሳሰብ በሐኪሙም በሽማግሌውም ዘንድ የጸና ነው፤ ማስረጃው ግን በሌላ በኩል ነው። በ2011 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና ድባቴ የሌለባቸው ግን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ደኅና ከሚተኙት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እንቅልፍ ማጣት የሌላ ሕመም ጥላ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል።

ስለ ቡና አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፤ የነቀምቴ ስም በዓለም የቡና ገበያ የሚታወቅበት አገር ነውና። ካፌይን በጎልማሳ ሰው ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ በ2013 የታተመ ሙከራም ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የማታው ቡና መታየት አለበት። ነገር ግን ሐኪሙ «ቡና ተዉ» ብሎ ሲያሰናብት ሰውየው የሚያጣው ካፌይኑን ብቻ አይደለም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ከጎረቤት ጋር የሚጠጡ ናቸው፤ ሐሳብ የበዛበት ሰው ሐሳቡን የሚያወርደውም እዚያ ነው። ሥርዓቱን ወደ ቀን ማዛወር ከመከልከል ይሻላል። ቡናን ወንጅሎ ጉዳዩን መዝጋትም ለሐኪሙ ይቀለዋል እንጂ ታካሚውን አይጠቅምም።

እርዳታው የት ነው?

እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀጥታ ወደ ሐኪም አይመጣም። ጸሎት ያስደርጋል፣ ጸበል ይጠመቃል፣ ለጎረቤት ያማክራል፣ መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። ጤና ጣቢያ ሲደርስም «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴ ይዝላል» ብሎ ይጀምራል፤ ምርመራውም ወደ ወባና ወደ ታይፎይድ ይሄዳል። የእንቅልፉ ነገር ከተነሣ የሚጻፈው በአብዛኛው ክኒን ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉት የቤንዞዳያዜፒን ወገን መድኃኒቶች ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ፤ ሲቆዩ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ በድንገት ሲቋረጡ እንቅልፉ ከበፊቱ ይብሳል፣ አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ አስደንጋጭ ክስተት በደረሰ በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ላጡ ሰዎች እነዚህ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ መክሯል። በየመጠለያው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ከዚህ የበለጠ የሚመለከታቸው ምክር ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና ሊሆን የሚገባው ሌላ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ባለሙያዎችም በ2017 ለጎልማሶች በመጀመሪያ ደረጃ የመከሩት ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀውን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ሥራው ምሥጢር የለውም። ታካሚው ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት የተኛበትንና የተነሣበትን ይመዘግባል። በአልጋ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በእውነት ከሚተኛው ጋር እንዲቀራረብ ይጠባል፤ በአብዛኛው ግን ከ5 ሰዓት በታች እንዲወርድ አይደረግም። እንቅልፉ ሲጠና ጊዜው ቀስ በቀስ ይሰፋል። መነሻ ሰዓቱ አንድ ይሆናል። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ባቀረበው ዘዴ መሠረት እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይጋደማል፤ ካልመጣ ይነሣል። «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ አልቆምም» የሚለው ሐሳብም ከባለሙያው ጋር ይመረመራል። መነሻ ሰዓትን ማጽናት በወለጋ ከብዙ አገር ይልቅ ይቀላል፤ አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ የጠዋቱ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ በጊዜው ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሲነገር አንድ እውነተኛ ተቃውሞ ይነሣል። ሕክምናው የተሠራው መኝታ ቤትና ሳሎን ለየብቻ ላላቸው ሰዎች ነው። «እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ለሚያድርበት ቤት ምን ትርጉም አለው? ሌሊት ወደ ውጭ መውጣት በማይታሰብበት ሰፈርስ? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሕክምናውን የሚጥል ግን አይደለም። ዋናው ነገር ክፍሉ ሳይሆን ከትግሉ መላቀቁ ነው፤ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ በግድግዳው ተደግፎ መቀመጥ፣ ነጠላ ተከናንቦ ዱካ ላይ መዋል፣ በለሆሳስ መጸለይ ያንኑ ሥራ ይሠራ ይሆናል። «ይሆናል» የሚለው ቃል ነው ጥናት የሚሻው። ጥንቃቄ የሚያስፈልግባቸው ታካሚዎችም አሉ፤ የሚጥል በሽታ ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ የሚዋዥቅበት ሰው የመኝታ ጊዜው ቢጠብ ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላልና፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይህ መጠየቅ አለበት።

ማን ይሰጠዋል ለሚለው፣ ስፔሻሊስት እስኪበዛ መጠበቅ መልስ አይሆንም። በጉራጌ ዞን ተሠርቶ በ2022 የታተመ የሙከራ ጥናት ለከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ከባዱን የቻለ የጤና ጣቢያ ነርስ ሥልጠናና ክትትል ቢያገኝ የእንቅልፍ መዝገብ አንብቦ የመኝታ ሰዓት ማስተካከል አያቅተውም።

መግቢያውም ዝግጁ ነው። «እንዴት አደሩ?» ወይም «አካም ቡልተን?» የሚለው ሰላምታ ስለ ሌሊቱ የሚጠይቅ ነው፤ መልሱ ግን ምስጋና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙ ምስጋናውን ተቀብሎ «ሌሊቱንስ ተኙ?» ብሎ ቢደግም ብዙ ይሰማል። እንቅልፍ ማጣት እንደ ሌላው የአእምሮ ችግር አያሳፍርም። ባየው ነገር ላይ እንዲናገር ቢጠየቅ የሚፈራ ሰው እንኳ ስለ እንቅልፉ በነጻነት ይናገራል። በዚህ በር የገባ ተመራማሪ ግን ኀላፊነት አለበት። ከእንቅልፉ ኋላ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቢያገኝ የሚልክበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ መሆን ይኖርበታል፤ ይህ ሳይዘጋጅ ወደ መረጃ መሰብሰብ መግባት አይገባም።

ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚሆን ሥራ

አማካሪዎች የሚያነሡት ሰበብ ይታወቃል፦ ጊዜው አንድ ዓመት ነው፣ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ የሕክምና ሙከራ ትልቅ ነገር ነው። ትልቅ የሆነው ግን ትልቁ ሙከራ ብቻ ነው። በአንድ የተመላላሽ ክፍል 12 ሰዎችን ይዞ፣ ከሕክምናው በፊት 2 ሳምንት፣ በሕክምናው ጊዜ 6 ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ 4 ሳምንት የየዕለቱን እንቅልፍ መመዝገብ፣ ሕክምናውን የተዉት ለምን እንደተዉ መጠየቅ፣ የትኛው ምክር በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ መጻፍ አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት የሚጨርሰው ሥራ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ላሉት ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህን በሦስት ከተሞች በተመሳሳይ ቅጽ ማስኬድ የሚያስቸግር አይደለም። ከ400 ሰው የተሰበሰበ አንድ ተጨማሪ መቶኛ ለታካሚው የማይሰጠውን ነገር እነዚህ 12 ሰዎች ይሰጣሉ፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያሉና።

መዝገቡ ማንበብ ለማይችሉም መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ ያለ ተማሪ ልጅ ሊሞላው ይችላል፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ልትጠይቅ ትችላለች። ሰዓቱ በአገሬው አቆጣጠር ይሁን። ከተለመዱት መስመሮች ሌላ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ያ ሌሊት በሰፈሩ ጸጥታ የነበረበት ነው ወይስ አይደለም። በትንተናው ጊዜ ጸጥታ ያልነበረባቸው ሌሊቶች ለብቻ ይቆጠራሉ፤ የሕክምናው ውጤት የሚለካው በቀሩት ነው።